የሚስ ሎሬን ድንክ ሬድውድ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቶርንተን ከተማ፣ ጓሮዬ ውስጥ ቆሜ፣ ጎረቤቴ አሮጌውን ዴክ፣ የእንጨት በረንዳውን፣ ሲያፈርስ አየሁት። ጣውላው ከፀሐይና ከበረዶ ብዛት አመድ መስሏል። መጋዙ ሲነካው ግን ውስጡ ገና ቀይ ነበር፤ እንደ በሰለ ቴምር። ሰጋቱራው በአጥሩ ላይ አልፎ መጥቶ ክንዴ ላይ አረፈ። አሸተትኩት። እርጥብ አፈር፣ ትንሽ ሎሚ፣ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ሳጥን የሚመስል ሽታ።

ጎረቤቴ መጋዙን አጠፋና «ጩኸቱ ረበሸሽ?» አለኝ።

«ኧረ ቀጥል» አልኩት። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። አውሮራ ከተማ ነበርኩ፤ አያቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ በከረሙበት ዓመት፣ ከበራችን ፊት ለፊት በሸክላ ማስቀመጫ ውስጥ ከቆመው ዛፍ አጠገብ።

ያኔ ሁለተኛ ክፍልን ልጨርስ ተቃርቤያለሁ። የምንኖረው ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙ ታውንሃውሶች በአንዱ ነው። በራችን ላይ ጠባብ የሲሚንቶ መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ የሚስ ሎሬን በር። አባቴ ትራክ ስለሚነዳ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ቤት የለም። እናቴ ሴንቴኒያል አካባቢ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። አያቴ የሚመጡት ሊጠይቁን ነው ተባለ። እኔ የገባኝ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው ሊመጣ መሆኑ ነው።

እናቴ አስቀድማ አስጠናችኝ።

«አንተ አይባልም፤ እርስዎ ነው። ና አይባልም፤ ይምጡ። ብላ አይባልም፤ ይብሉ። ገባሽ?»

«ኦኬ።»

«ኦኬ አይባልም፤ እሺ።»

የእኔ አማርኛ እናቴ ለእኔ ያወራችው አማርኛ ነው። እሷ ደግሞ አንድም ቀን «እርስዎ» ብላኝ አታውቅም። እነዚያ ቃላት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከቁም ሳጥን እንደሚወጡት ስስ ብርጭቆዎች ሆኑብኝ። ከእጄ ወድቀው የሚሰበሩ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ቀስ ብዬ እናገራለሁ። ብሳሳት ማንም አይሰማኝም።

አባባ የምንላቸው አያቴ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ማተሚያ ቤት ነው፤ ጣቶቻቸው ወረቀት ካገኙ ዝም ብለው አይቀመጡም። በፖስታ የሚመጣውን የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ሁሉ እያጠፉ፣ ጥግ ከጥግ እያገጣጠሙ፣ በጥፍራቸው እየተጫኑ እንደ አዲስ መጽሐፍ ይደረድሩታል።

በመጀመሪያው ቀን ሶፋው ላይ በግራቸው በኩል ተቀምጬ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አልኳቸው። ቴሌቪዥኑን ማየታቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ «ሻይ ይፈልጋሉ?» አልኩ። ወረቀታቸውን አጠፉ። ሌላ ቀን ደግሞ በኩሽና በኩል አልፈው ሲሄዱ «ደህና አደሩ?» ብዬ እግራቸውን እያየሁ ጠበቅኩ። እግራቸው አለፈ።

አሰብኩበት። የሆነ ቦታ ላይ ቃል ሰብሬያለሁ። አያት ማለት ከሩቅ አገር መጥቶ የሚፈትን ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ወድቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ወደ ሳሎን ሲገቡ እኔ ወደ ክፍሌ እወጣለሁ።

አባባ ጠዋት ጠዋት ታጣፊ ወንበር ይዘው በር ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ሚስ ሎሬን ዛፍ ነው።

ከደረቴ ብዙም አይበልጥም ያ ዛፍ። ክብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ። ትንንሽ ጠፍጣፋ ቅጠሎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። ለጋ ጫፎቹ ደግሞ ነጭ ናቸው፤ አንድ ሰው ዛፉን ገልብጦ ወተት ውስጥ ነክሮ የመለሰው ይመስላል። ማልዶ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጫፎቹ ብቻ ይበራሉ፤ አረንጓዴው ይጠፋና ነጫጭ ነጥቦች አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የሄድኩት እሱን አይኔ ውስጥ ይዤ ነው።

ሚስ ሎሬን ጡረታ የወጡ የስኩል ባስ ሾፌር ናቸው። ሽበታቸውን በአንድ ጉንጉን ወደ ኋላ ይሠሩታል። የሰሜን ካሊፎርኒያ ሰው ናቸው፤ እዚያ ወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ ከሚኖረው ነባር ሕዝብ ወገን። ዛፉን የወንድማቸው ልጅ በፒክአፕ ከዚያ አምጥቶላቸው ነው።

አንድ ጠዋት አባባ ከወንበራቸው ተነስተው መንገዱን ተሻገሩ። ዛፉን ዞሩት። ከዚያ በራችን ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዘወር አሉና፣ «ይሄ ምን ዛፍ ነው? እስኪ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኩ። በራቸውን ከፍተው የቆሙት ሚስ ሎሬን ሳቅ አሉ።

«ሬድውድ ነው በዪው። ድንክ ዝርያ ነው። ዘመዶቹ ግን ከዓለም ዛፍ ሁሉ ረጅሞች ናቸው፤ ጉም ይጠጣሉ።»

«ቀይ እንጨት ነው» አልኩ በአማርኛ። «ዘመዶቹ በጣም ረጅም ናቸው። እሱ ግን አጭር ነው። ጉም ይጠጣል።»

ይህን ስል ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ቃሉ የእኔ ስላልሆነ አልፈራሁም። ደግሞም ዛፍ «እርስዎ» አይባልም።

አባባ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ጉም አይዘገንም ሲባል ነው የምናውቀው። ይሄ ጭራሽ ይጠጣዋል?»

ሚስ ሎሬን ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። «ጉም በእጅ አይያዝም ይላል» አልኳቸው።

«ልክ ነው። ለዚህ እኮ ነው በጠርሙስ የማስቀምጠው» አሉና የውሃ መርጫቸውን አነሱ። ቅጠሉ ላይ ረጩት። ደቃቅ ውሃ ተበተነ፤ ለአፍታ ቀስተ ደመና ታየና ጠፋ። አባባ በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲስቁ ሳያቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉሙን የሚሠሩት አባባ ሆኑ። ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ኮታቸውን ለብሰው ወጥተው እንደ ሽቶ ይረጩታል። የአውሮራ አየር ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ዛፉ ደግሞ የባሕር ጠረፍ ልጅ ነው። አፈሩ እንዲደርቅ አይፈቀድም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ሦስታችንም ማስቀመጫውን ባለ ጎማ ሳንቃው ላይ ገፍተን ወደ ግድግዳው ጥላ እናስገባዋለን። አባባ በቀኝ፣ ሚስ ሎሬን በግራ፣ እኔ መሃል፤ ጉልበቱ ግን የማን እንደነበረ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

አንዳንዴ ከዛፉ መሃል አንድ ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሚስ ሎሬን መቀስ ያመጣሉ።

«ለምን ይቆርጡታል?»

«ዝም ካልኩት የአያቶቹ ቁመት ትዝ ይለዋል» አሉኝ። «ከዚያ ጣሪያ ለጣሪያ ነው የምንፈልገው።»

ቀይ እንጨት ነው ስለተባለ ሲቆረጥ ደም ይፈሰዋል ብዬ አይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አረንጓዴና እርጥብ ነበር። ያም ሆኖ ሚስ ሎሬን መቀሱን ባነሱ ቁጥር፣ እኔም በዚያ ዓመት ቁመቴ እየጨመረ ስለነበር፣ ሳላስበው ትከሻዬን ዝቅ አደርግ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰመሩ፣ የፈረንጆቹ በጋ፣ ረጅምና ሞቃት ሆነ። ጥላው ውስጥ ተቀምጠን ሚስ ሎሬን ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ አድርገው ያወሩናል፤ እኔ እተረጉማለሁ። አያቶቻቸው ቤት የሚሠሩት ከዚህ እንጨት ነው፤ የወደቀውን ግንድ በቀንድ ሽብልቅ እየሰነጠቁ ጣውላ ያወጣሉ። ምስጥ አይደፍረውም፣ ዝናብ አያበሰብሰውም። ከልጡ ሴቶች ቀሚስ ይሠራሉ። ጆሮ የታመመ ልጅ ካለ ቅጠሉን አሙቀው በጨርቅ ጆሮው ላይ ያደርጉለታል። ከግንዱ ደግሞ ጀልባ ይፈለፍላሉ፤ ጀልባዋ ውስጥ ልብ ይቀርጹላታል።

«እውነተኛ ልብ?» አልኳቸው።

«እውነተኛ ልብ። ጀልባ እኮ በሕይወት ያለች ናት።»

ለአባባ ነገርኳቸው። «እኔም የምሠራበት ማሽን ልብ ነበረው» አሉ። «ሲከፋው አውቅ ነበር።»

ያን ከሰዓት ማንም ሳያየኝ ወደ ዛፉ ሄጄ ጆሮዬን ከግንዱ ጋር አጣበቅኩ። ቅጠሉ ፊቴን ኮረኮረኝ። የሆነ ነገር ይሰማል፤ ዱም፣ ዱም፣ ከሩቅ። አሁን ሳስበው የራሴ ደም ነው፤ ያኔ ግን ልቡ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ቀና ስል አባባ ቆመው ያዩኛል። ማስቀመጫውን በሌላ በኩል ዞረው፣ በርከክ ብለው፣ ቀኝ ጆሯቸውን እንደ እኔ ግንዱ ላይ አደረጉ። እንዲያ ሆነን ቆየን። ንብ መጣች፤ ሄደች። በአንድ ዛፍ በሁለት ወገን፣ ነጭ ነጭ ጫፎች መሃል፣ እኔና አያቴ።

ለምን በዚያ በኩል እንደዞሩ አልጠየቅኩም። ልናገራቸው አፌን ከፈትኩና «እርስዎ» ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጬ አባባና እናቴ ኩሽና ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ዘሃራ፣ ትኬቱን አስቀይሪልኝ። ልመለስ።»

«ምነው አባባ? ምን ጎደለብዎት?»

«ምንም አልጎደለም። ልጅቷ አልለመደችኝም። ለጎረቤቷ ስትተረጉም ድምፅ አላት፤ ለእኔ ሲሆን ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ስገባ ትወጣለች። ልጅን በገዛ ቤቷ አላስጨንቅም።»

እናቴ «ልጅ እኮ ናት፣ ታፍራለች እንጂ…» ስትል ተነሳሁ። የሰማሁትን ሁሉ አልተረዳሁም። «ልጅቷ» እና «ልመለስ» ግን ገብተውኛል። በእኔ ምክንያት ሊሄዱ ነው። ክፍሌ ገብቼ ወደ ግድግዳው ዞሬ «ይምጡ፣ ይብሉ፣ ይቀመጡ» እያልኩ ተለማመድኩ። በሹክሹክታ።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ሰማዩ ተበላሸ። እናቴ ሥራ ላይ ናት፤ ሚስ ሎሬን ሐኪም ጋ ሄደዋል። አባባ በር ላይ ወንበራቸው ላይ ወረቀት ያጥፋሉ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ከተራሮቹ በኩል የመጣው ደመና መጀመሪያ ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ ልክ ጠርሙስ ውስጥ ሆነህ ስታይ እንዳለው አረንጓዴ። ወፎቹ ዝም አሉ። ከመንገዱ ጫፍ የመኪና ጣሪያ ላይ ጠጠር የሚወረውር ሰው ያለ መሰለኝ፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣጣጣ። ድምፁ በአባባ ግራ በኩል እየቀረበ ነው። እሳቸው ቀና አላሉም።

በሩን ከፈትኩ። «አባባ፣ በረዶ እየመጣ ነው» አልኩ፤ በዚያችው በለመድኳት ድምፅ። ወረቀታቸውን አጠፉ። አንድ በረዶ እግራቸው ሥር ወድቆ ነጠረ፤ እንቁላል ያክላል።

እናቴ ያስጠናችኝ ሁሉ ከራሴ በረረ።

«አባባ! ና! ና ግባ! ተነስ!»

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው የጮህኩት። አባባ ዘወር አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰማይ እየወረደባቸው፣ እሳቸው ፈገግ ብለዋል።

«ለእኔም ድምፅ አለሽ ለካ!» አሉ።

ግን አልገቡም። ወደ ዛፉ አዩ። ያን ቀን ወደ ጥላው የሚገፋው ሰው ስላልነበረ መንገዱ ዳር ገላጣ ላይ ቆሟል። በእኔ አጠገብ አልፈው ሮጠው ገቡ፤ ሲሮጡም ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከመታጠቢያ ቤት የእናቴን ትልቁን የልብስ ሳፋ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ወጡ። «እዚያው ሁኚ!» ብለው ጮኹ። እኔ ግን የሶፋውን ትራስ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ተከተልኳቸው።

ሳፋውን ዛፉ ላይ ደፋነው፤ እኛም ጎንበስ ብለን ጫፉ ሥር ገባን። ከበሮ ውስጥ የገባን ያህል ነው። ሳፋው ሰማያዊ ስለነበር ብርሃኑም ሰማያዊ ሆነ። የአባባ እጅ፣ የእኔ ጉልበት፣ ነጫጭ ጫፎቹ፣ ሁሉም ሰማያዊ። የተቀጠቀጠው ቅጠል ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። እግራችን ሥር በረዶው እየነጠረ ይከመራል። ፈርቼ ነበር፤ እንዳያልቅ ደግሞ እየተመኘሁ ነበር።

አባባ አፋቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ግራ ጆሮዬ አይሰማም!» ብለው ጮኹ። «ማሽኑ በዚያ በኩል ነበር የሚቆመው! በልቶታል!»

«ስለዚህ አልሰማኸኝም? ሻይ ስልህ?»

«መቼ ሻይ አልሽኝ?»

«በመጣህ በማግስቱ!»

«እፈልጋለሁ!» አሉ።

በረዶው ድንገት እንደጀመረ ድንገት አቆመ። መንገዱ ነጭ ሆኗል፤ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ጉም በእግራችን መሃል ይሄዳል። የአባባ እጅ ላይ የበለዘ ቦታ ነበር። ሳፋውን አነሳን። ከዛፉ ግማሹ ድኗል፤ መሃሉ ላይ ያለው ዋናው ጫፍ ግን ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ነጫጭ ለጋዎቹ በበረዶው ላይ ተበትነዋል፤ የቱ በረዶ የቱ ቅጠል እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አባባ አንድ አንድ እያሉ ይለቅሙ ጀመር።

ሚስ ሎሬን ሲመጡ የመኪናቸው መስታወት ተሰነጣጥቋል። መኪናውን አላዩም። ዛፉን አዩ፣ ሳፋውን አዩ፣ አባባን አዩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ አባባ ጆሮም ነገርኳቸው። ቤታቸው ገቡና የተለቀሙትን ቅጠሎች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ አሙቀው አመጡ።

«የጠፋ ጆሮ አይመልስም በዪው» አሉኝ። «ይሄ ለሕመም ነው። ግን ሙቀቱ ደስ ይላል።»

አባባ ጥቅሉን ግራ ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ አይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። «ምንም አይሰማም» አሉ ቆይተው። «ሽታው ግን ይሰማል።»

እናቴ ማታ ስትመለስ ሁሉን ሰማችና መጀመሪያ አለቀሰች። «ለምን አልነገሩንም አባባ?»

«ሰው ጆሮዬ ደነቆረ ብሎ አዋጅ ያስነግራል እንዴ?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ ና ግባ ነው ያልሻቸው?»

«ተያት» አሉ አባባ። «እኔን ና ብላ የምትጠራኝ እናቴ ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ የጠራኝ የለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት «እርስዎ»፣ እኔና አባባ ብቻችንን ስንሆን «አንተ» ሆነ። ትኬቱ ለጊዜው ይቆይ ተባለ፤ ዛፉ ምን እንደሚሆን ሳያዩ መሄድ እንደማይችሉ አባባ ራሳቸው ተናገሩ።

የተሰበረውን ጫፍ ሚስ ሎሬን ቆረጡት። ዛፉ ራሰ በራ መሰለ። ብዙ ሳምንት ምንም አልታየበትም፤ አባባ ግን ጉማቸውን አላቋረጡም። ፎል ገብቶ ቅጠል ሲረግፍ፣ ግንዱ ከአፈሩ በሚገናኝበት እግሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ። ከዚያ ነጭ ምላስ መሳይ ቀንበጥ ብቅ አለ፤ ሌላም ተከተለ። ሚስ ሎሬን አልገረማቸውም። እሳቸው አገር እሳት የበላው፣ መጋዝ የጣለው ሬድውድ ከእግሩ ያቆጠቁጣል፤ ልጆቹ የወደቀውን ከበው ያድጋሉ።

ውርጭ ሳይመጣ ወደ ጋራዣቸው አስገባነው። ዊንተሩን እዚያ አሳለፈ፤ በመስኮት ጥቂት ብርሃን፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ውሃ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔና አባባ ገብተን የመኪና ዘይትና የሬድውድ ሽታ ባለበት ቅዝቃዜ ውስጥ እንቀመጣለን። የቀኑን ሁሉ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ስሳሳት አያርሙኝም።

አባባ የሄዱት በተከታዩ ስፕሪንግ፣ ብርዱ አልፎ ዛፍ ሲያቆጠቁጥ ነው። ረመዳን እየተቃረበ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለችው ሴት አያቴ ደግሞ ያለ እሳቸው ጾም አልይዝም ብላለች። ለመሄዳቸው ምክንያት እኔ አልነበርኩም፤ እሱን አውቃለሁ።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ ከመንገዱ ጫፍ ሆኜ ሁለቱን አየኋቸው። ዛፉን ከጋራዥ አውጥተውታል። አባባ በአንድ ወገን፣ ሚስ ሎሬን በሌላው ቆመው በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ እጃቸው ይወዛወዛል። እኔ የለሁም፤ የሚተረጉም የለም። ሮጥኩ። ስደርስ ጨርሰው ነበር። ሚስ ሎሬን መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

አባባን «ምን አለችህ?» አልኳቸው።

«ወንዛችንን አሳይሃለሁ፣ ጀልባዋ ላይ ከፊት ትቀመጣለህ አለችኝ። ዋና አልችልም አልኳት። ግድ የለም፣ ጀልባዋ አትጥልህም አለች።»

መንገዱን ተሻግሬ ሚስ ሎሬንን ጠየቅኩ።

«ስለ ሚስቱ ነው የነገረኝ» አሉ። «በሠርጋቸው ቀን ዝናብ ጥሎ ጫማዋን በእጇ ይዛ እንደመጣች። እኔም ስለ ባሌ ነገርኩት። ገባው።»

ሲሚንቶው ላይ መሃላቸው ቆምኩ። አንዱ የነገረኝ ሌላው ከነገረኝ ጋር በምንም አይገናኝም። ያን ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይህ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ማስተካከል እችል ነበር።

«ምን አለች?» አሉ አባባ ከኋላዬ። «ልክ ነኝ አይደል?»

«ልክ ነኝ?» አሉ ሚስ ሎሬን ከፊቴ።

ለአባባ ዞሬ «ልክ ነህ» አልኩ። ለሚስ ሎሬንም በእንግሊዝኛ ያንኑ።